ጭስ ጉልበት አይደለም

አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የናፍጣ ፓምፑን አሠርቶ የተመለሰ አይሱዙ ሐይቅ ከተማ ሲገባ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ነዳጅ ይረግጣል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይግተለተላል፤ የከበቡት የጋራዥ ልጆች «አቤት ጉልበት! አሁን ገና መኪና ሆነ» ይላሉ። ባለቤቱም ደስ ብሎት ምሳ ይጋብዛል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰውዬው 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ፣ አልጋ ተከራይቶ፣ የሥራ ቀኑን አቃጥሎ ያመጣው ነገር ቢኖር ያልነደደ ናፍጣ ነው። ያንኑ ደግሞ በአደባባይ ያስመርቃል።

ስለ ተራው ነገር ብዙ አልልም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መሆኑን፣ ጠዋት ጠዋት በሰው ግፊት የሚነሣ ሞተር ጤነኛ አለመሆኑን፣ ከፓምፑ ሥር የሚያንጠባጥብ ቱቦ መጥበቅ እንዳለበት ያላወቀ ባለመኪና የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ሌላ ሥራ ነው። ኖዝል መሞከሪያው ላይ ሲሰቀል አድቅቆ መርጨት እንጂ ማንጠባጠብ የለበትም። ፓምፑ ማሽን ላይ ሲወጣ ለየሲሊንደሩ የሚሰጠው ናፍጣ በባለ ልኬቱ ብርጭቆ ውስጥ ተቀራራቢ ሆኖ መታየት አለበት፤ ያውም በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ዙር። ቆማችሁ እዩ። «ደንበኛ አይገባም» የሚል ቤት ካጋጠማችሁ ፓምፑን ይዛችሁ ውጡ። ይኸው ነው።

እኔ የምሟገትበት ነገር አንድ ነው፤ ዳገት ላይ የሚወጣ ጥቁር ጭስ።

ከአሮጌው ሜካኒካል ፓምፕ እንጀምር፤ አገራችንን ዛሬም ተሸክሞ ያለው እሱ ነውና። ይህ ፓምፕ ናፍጣን የሚለካው በመግፊያው ምት ነው። ሹፌሩ እስከ መጨረሻው ከረገጠ፣ አሰብ ወደብ ላይ የሚሰጠውን ናፍጣ ደሴ ላይም ይሰጣል። አየሩ ግን አይጠብቀውም። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል 100 ቢባል ሸዋ ሮቢት ላይ 86 ገደማ፣ አዲስ አበባና ደሴ ላይ 75 አካባቢ፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ወደ 70 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሺህ ሜትር በወጣ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል የሚያጣው ለዚህ ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ነዶ እንዲያልቅ 14 ኪሎ ተኩል ገደማ አየር ይፈልጋል። ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ተረጭቶ ከአየሩ ጋር ለመዋሐድ የሚያገኘው ጊዜ ግን ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ስለሆነ በዚያ ልክ ብቻ ከተሰጠው ያጨሳል፤ ንጹሕ ሆኖ እንዲነድ 18፣ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ አየር ሊኖረው ይገባል። ከዚህ ወሰን በታች ሲወርድ ጥቁሩ ብቅ ይላል። ጥቁሩ ጥላሸት ነው። በወረፋ የተገዛ፣ ሥራ ሳይሠራ የወጣ ናፍጣ ነው።

ባልትና ያላት ሴት ከምጣዷ ሥር እንጨቱ ሲጨስ ብታይ «እሳቱ በረታ» አትልም፤ «አልነደደልኝም» ትላለች። ጓዳ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚረሳ ሊገባኝ አልቻለም።

ጉዳቱ በናፍጣ ብክነት ቢያበቃ ዝም ባልኩ። የበዛው ናፍጣ ዘግይቶ ስለሚነድ ሙቀቱ ፒስተኑን ከመግፋት ይልቅ ወደ ማርሚታው ይወጣል። የፒስተኑ ራስ ይግላል፤ ባልቦላው ይቃጠላል፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ያልነደደው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል። ባለቤቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተር ሲያስወርድ ጥፋቱን በዘይቱ፣ በመለዋወጫው፣ በሹፌሩ ላይ ያሳብባል። ምሳ የጋበዘበትን ቀን ግን አያስታውስም።

ማታለያው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ፓምፑ ላይ የመጨረሻውን የናፍጣ ልክ የሚወስን ብሎን አለ። ዳዶ ይቆልፈዋል፤ በሽቦ ታስሮ በእርሳስም ይታተማል። ሥራ የሰነፈ ሰው ፓምፑን መፍታት፣ ማጠብ፣ የተበላውን መቀየር፣ ማሽን ላይ መለካት አይፈልግም። ማኅተሙን ይበጥሳል፤ በኪያቤ ዳዶውን ያላላል፤ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ይሰጥና መልሶ ይቆልፋል። ባዶው መኪና ቀለበት መንገድ ላይ ሲነዳ ሹፌሩ ቅልል ይለዋል። ጉርሻ ጨምሮ ይከፍላል። ሥራው የሁለት ደቂቃ፣ ሒሳቡ የሁለት ቀን ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ደንብ፦ ብሎኑን እዩ። ጫፉ በካቻቢቴ ከተፋቀ፣ ማኅተሙ ከሌለ፣ ዳዶው ዙሪያ ዘይትና አቧራው ተነሥቶ የሚያበራ ብረት ከታየ፣ ሌላውን ሁሉ ማየት አያስፈልግም። ማሽን ላይ አስተካክሎ የጨረሰ ሰው በራሱ ሽቦ መልሶ ያትማል፤ ያላተመ ሰው በሥራው አይተማመንም።

ሁለተኛው ደንብ የላንድክሩዘር ባለቤቶችን ይመለከታል። ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በአንዳንዱ ፓምፕ ላይ የከፍታ ማካካሻ ይዞ ይመጣል። በውስጡ የታሸገ ብረት አየሩ ሲሳሳ ይነፋና ናፍጣውን ይቀንሳል። ቶዮታ ይህን ያደረገው እንደ እኛ ላለው ተራራማ አገር አስቦ ነው። የኛ ሰው ግን «ጉልበቱን ያፈነው ይሄ ነው» ብሎ ይደፍነዋል! ማካካሻውን የደፈነ መካኒክ እጄን ለሰላምታ አይጨብጥም። ከባድ ቃል ነው፤ አልመልሰውም።

ሦስተኛው ደንብ፦ ባዶ መኪና አይፈተንም፣ ሜዳም አይፈትንም። ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆሞ ማጓራት ምንም አይናገርም፤ ሞተሩ የሚጎትተው ነገር የለውምና። ማርሽ ሲቀየር ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ስስ ጭስ በሜካኒካል ፓምፕ ይፈቀዳል። ዳገቱን ሙሉ ከኋላ የሚከተል አይፈቀድም። በዚህ መካከል ሌላ ደረጃ የለም።

የኛ መንገድ ደግሞ ለዚህ ፈተና የተሠራ ይመስላል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዳችሁ በደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጡ መኪናው ከ1,300 ሜትር ከማይሞላ ከፍታ ተነሥቶ ከ3,000 በላይ ይወጣል። በዚያ ዳገት ላይ የሚታየው ጭስ ፓምፑ ምን እንደጎደለው ይናገራልና ጻፉት፤ የትኛው ማርሽ ላይ፣ የትኛው ጥምዝ ላይ፣ ምን ያህል ጭነት ይዛችሁ። ለፓምፕ ሠሪው «ጉልበት የለውም» ብቻ ብላችሁ አትስጡት፤ እንደዚያ ያለው ደንበኛ ነው ብሎኑን የሚያስዞረው። ስትመለሱ ፈታኙ ሐረጎ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥታችሁ ጭነት ይዛችሁ ወደ ደሴ ስትወጡ መኪናው በመስተዋት ንጹሕ ከታየ ሥራው ሥራ ነው። ከኋላችሁ ያለው ሹፌር መስኮቱን ከዘጋ ደግሞ መልሳችሁ ውሰዱት።

ደሴ ያሠራ፣ ወይም ሐረጎን ያለ ጭነት ያለፈ ሰው አርዲቦ አለለት። አርዲቦ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሐይቅ ነው፤ ትርፍ ውሃው ቁልቁል ወደዚያኛው ይወርዳል። ውሃ የወረደበትን መኪና ይወጣዋል። ጤፍም ሆነ ማሽላ ጫኑ፤ በሁለተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ውጡ፤ ረዳታችሁን ጥምዙ ላይ አስቀድማችሁ አቁሙት። የት መቆም እንዳለበትም ንገሩት። ጭስ በተራራ ጥላ ላይ አይታይም፤ ቅጠልና ጥቁር ድንጋይ ይውጠዋል፤ ስንት መጥፎ ሥራ በዚህ አልፏል። መኪናው በእሱና በውሃው መካከል እንዲያልፍ አድርጋችሁ አቁሙት። የሐይቁ ነጸብራቅ ከኋላ ሲሆን ስሱ ጭስ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከመውረዳችሁ በፊት ማርሚታው እስኪበርድ ጠብቃችሁ ጣታችሁን ከጫፉ ውስጥ አስገቡ። ደረቅና ግራጫ ብናኝ ደህና ነው። ወፍራም፣ የሚያጣብቅ ጥቁር ከሆነ ረዳቱ ምንም ቢላችሁ አትመኑት።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ሰዎች ዛሬ የሉም። ኮምቦልቻ አንድ ባለ ፓምፕ ነበሩ። የአሰብ መንገድ ክፍት በነበረበት፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ማለቴ ነው፣ ፊያት 682 ኤን ትሬው ከነተሳቢው ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ እኛ ይወጣ ነበር። ያ መንገድ ነው የወሎን ፓምፕ ሠሪ ፓምፕ ሠሪ ያደረገው። አሰብ ላይ ልክ የነበረ ናፍጣ ደሴ ላይ ስለሚበዛ ጥፋቱን መደበቅ አይቻልም ነበር። ሽማግሌው ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት የሚጠይቁት «ምን ሆነ?» ብለው አልነበረም፤ «መንገድህ እስከ የት ይወጣል?» ነበር። መልሱን ሳይሰሙ ኪያቤ አያነሡም። ቆላ ለቆላ ለሚመላለስ አንድ ልክ፣ ደጋ ለሚወጣ ሌላ ልክ ይሰጣሉ። ሁለቱንም ለሚሄድ ደግሞ በደጋው ይለኩና «ቆላ ላይ ትንሽ ይሰንፍብህ፤ ሞተርህ ይቆይልሃል» ይላሉ። ሹፌሮቹ ያጉረመርሙ ነበር። እሳቸውም እንዲያጉረመርሙ ይተዉአቸው ነበር።

አዲስ አበባ ደግሞ ሙያውን አሥመራ የተማሩ ሌላ ሰው አውቅ ነበር። የአየር ፊልትሮው የቆሸሸ መኪና ይዞ የመጣውን ሰው ፓምፑን ሳይነኩ ሱማሌ ተራ ሄዶ አዲስ ገዝቶ እንዲመለስ ያደርጉታል፤ የባልቦላው ክፍተት ካልተለካም እንዲሁ። «አየሩ ሳይታወቅ ናፍጣ አይለካም» የሚለው ደንባቸው ነበር፤ እኔም ከእሳቸው ወርሼዋለሁ። ለሥራቸው የሚሰጡት ትልቁ ምስጋና «ይሄዳል» ነበር። ሹፌር ሲያሞግሳቸው ፊታቸው ይጠቁራል፤ ሳይጭን የሚያሞግስ ሹፌር ዕለቱን የሚያጨስ መኪናም ያሞግሳል ብለው ያምኑ ነበር። ተለማማጆቻቸው ማኅተም ማሰር እስኪፈቀድላቸው ዓመታት ይቆዩ ነበር። የዛሬው ልጅ በመጀመሪያ ሳምንቱ ማኅተም መበጠስ ይማራል።

«ያ ያለፈ ነገር ነው፤ አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ አዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣቸውን የሚለካው የኮምፒውተር ሳጥን ነው፤ የአየሩን ግፊት የሚነግረውም የራሱ መለኪያ አለው። ቱርቦውም ከፍታ ከቀማው አየር የተወሰነውን ያስመልሳል። ነገር ግን ካቻቢቴውን ላፕቶፕ ተካው እንጂ ሰውየው አልተለወጠም። «ሶፍትዌሩን ከፍተንለታል» ብሎ ናፍጣውን ጨምሮ የጭስ ወሰኑን የሚያጠፋ አለ። ቱርቦው ላይ የሚደርሰው ሙቀት ደግሞ ከድሮው የባሰ ነው። የሚያጨስ ሂሉክስና የሚያጨስ ኤን ትሬ ለእኔ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የመጠገኛው ዋጋ ብቻ ነው።

የተስተካከለ መኪና ሲያዩት አያስደንቅም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ዳገቱን ሲወጣ ድምፁ ወፈር ብሎ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ከኋላው ምንም የለም፤ አደባባይ ላይ የሚያሳየው ትርዒት የለውም። ገዢው ትርዒት እስከፈለገ ድረስ ሠሪው ትርዒት ይሸጥለታል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በፓምፕ ሠሪው ላይ አልጭንም። ናፍጣ በሰልፍ እየገዛ ጭስ የሚያሞግስ ሰው የሚገባውን አግኝቷል።

ለቀራችሁት አንድ ነገር ልበል። ከመኪናው በፊት ሒሳቡን አስተካክሉ። ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት ተነጋገሩ፤ ግማሹን እዚያው ከፍላችሁ ቀሪውን ጭነት ይዛችሁ ደሴ ስትገቡ በስልክ ላኩ። በሥራው የሚተማመን ሰው ይስማማል፤ «መንገድህ እስከ የት ይወጣል?» ብሎም ይጠይቃችኋል። የማይስማማው ሐረጎን ያውቀዋል ማለት ነው።