የሴክሬታሪያትን ልብ ማን መዘነው?

«ሴክሬታሪያት» የተባለውን የዲዝኒ ፊልም (2010 እ.ኤ.አ.) ካያችሁት፣ አሜሪካዊው የእሽቅድምድም ፈረስ ያሸነፈው በወኔ ብቻ ነው ብላችሁ ሳትወጡ አትቀሩም። ዳያን ሌን የፈረሱን ባለቤት ፔኒ ቼነሪን ሆና ጥሩ ተውናለች፤ ሩጫዎቹም ትንፋሽ ያስይዛሉ። ለእኔ ግን ከሙዚቃው ሁሉ በላይ የሚደንቀው የሰዓት መዝገቡ ነው።

የ1973ቱን የኬንታኪ ደርቢ በአምስት እኩል ክፍል ብንከፍለው፣ እያንዳንዱን 400 ሜትር ገደማ በ25.2፣ 24፣ 23.8፣ 23.4 እና 23 ሰከንድ ነው የሮጠው። አያችሁ? መድከም ሲገባው እየፈጠነ ሄደ! ከአምስት ሳምንት በኋላ ቤልሞንት ላይ 2414 ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ጨረሰ። ሁለተኛውን የቀደመው በ31 የፈረስ ርዝመት ነው። ካልኩሌተር ይዤ ሳሰላው አማካይ ፍጥነቱ በደርቢ በሰዓት 60.7፣ በቤልሞንት 60.3 ኪሎ ሜትር ሆነ። 400 ሜትር ተጨምሮበት የቀነሰው ይህችኑ ናት።

ብዙ ሰው «ልቡ እኮ 10 ኪሎ ነበር» ብሎ ያስረዳል። እስቲ ቆም እንበል። በ1989 ሲሞት የመረመረው ሐኪም ልቡ ትልቅና ጤነኛ መሆኑን አይቷል፤ ሚዛን ላይ ግን አላስቀመጠውም። ቁጥሩ የመጣው በኋላ የተፎካካሪው የሻም ልብ 8 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ከዚያ ጋር በማነጻጸር ነው። እንዲህ ያለ ግምት ልኬት ብዬ ሪፖርት ላይ ባሰፍር አማካሪዬ ወረቀቱን ይመልሱልኝ ነበር። ደግሞስ ሻም? የተራ ፈረስ እጥፍ የሚሆን ልብ ይዞ ቤልሞንት ላይ ከአምስቱ መጨረሻ ወጣ።

ፊልሙ በቤልሞንት ድል ያበቃል፤ ጥሩው ሳይንስ ግን ከዚያ ወዲያ ነው። ገና ደርቢውን ሳይሮጥ የማራቢያ ድርሻው በ6.08 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ ነበር። ራይዝን ስታርንና ሌዲስ ሲክሬትን የመሰሉ ጎበዞች ወለደ፤ እሱን የሚተካ ግን አልመጣም። ይልቅ የሴት ልጆቹ ልጆች፣ እነ ኤ.ፒ. ኢንዲና ስቶርም ካት፣ ታላላቅ ድንጉላዎች ሆኑ። አባት ኤክስ ክሮሞዞሙን የሚሰጠው ለሴት ልጆቹ ብቻ ስለሆነ፣ «የትልቅ ልብ ጂን እዚያ ላይ ነው» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ያምራል። ነገር ግን ሴት ልጅ ከአባቷ የምትወስደው ኤክስን ብቻ አይደለም፤ እነዚያም ሴቶች የተዳቀሉት ከምርጥ ድንጉላዎች ጋር ነው። የኤ.ፒ. ኢንዲ አባት የ1977ቱ የሦስትዮሽ ዘውድ አሸናፊ ሲያትል ስሉ ነው። ታዲያ ፍጥነቱን ለየትኛው ወገን እንቁጠረው?