«ዘር» የሚለው ቃል በማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት፦ ከወላይታ ባለ እጆች አኳያ የቀረበ ትችት

እንደሚታወቀው «ዘር» ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። ገበሬው የሚዘራው ዘር ነው፤ የአንድ አባት ልጆችና የልጅ ልጆች ዘር ናቸው፤ ነገድም ዘር ይባላል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 አድልዎን ሲከለክልም በዚሁ ቃል ይጠቀማል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ስለሚባሉ «የሰው ዘሮች» ሲነገር ተማሪው የሚረዳው የእህሉን ትርጉም ነው። ከጤፍ ገብስ አይበቅልምና፣ ከሰውም እንዲሁ ይመስለዋል።

ጉዳዩ ለወላይታ መምህር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሸክላ ሠሪዎቹ ጪናሻ፣ ቆዳ ፋቂዎቹ ደጌላ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ወጋቼ እየተባሉ ከገበሬው ተለይተው ኖረዋል። የጪናሻ ሴት የሠራችው ጀበናና ማሰሮ የማይገባበት ቤት አልነበረም፤ ልጇን ለጋብቻ የሚጠይቅ ግን አይገኝም ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በግሉ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲደርሰው ደነገገ፤ አዋጅ ግን ጋብቻን አያዝም። እነዚህ ሰዎች መልካቸው እንደ ጎረቤታቸው ነው፤ የሚናገሩትም ወላይትኛ ነው። ታዲያ «ዘራቸው ሌላ ነው» የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ከቀረቡት መልሶች አንዱ ባለ እጆች ከገበሬው በፊት በአገሩ የነበሩ የሌላ ሕዝብ ቅሪቶች ናቸው የሚል ነው። በደቡብ ኦሞ በአሪ ሕዝብ ቀጥቃጮችና ገበሬዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የዘረመል ጥናት ይህን አሳብ ፈትኖታል። ሁለቱ ወገኖች በዘረመል መለያየታቸው እውነት ነው፤ ልዩነቱም ቀደም ሲል የቅሪትነት ማስረጃ መስሎ ታይቶ ነበር። ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ የጋራ ምንጭ እንዳላቸው ተገኘ። ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ወገን ተገልሎ እርስ በርሱ ብቻ ሲጋባ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይበልጥ እየተመሳሰለ፣ ከጎረቤቱም እየተለየ ይሄዳል። ይኸውም ልዩነቱ መገለልን አልወለደም፤ መገለሉ ልዩነቱን ወለደ ማለት ነው። ጥናቱ የተሠራው በአሪ እንጂ በወላይታ ስላልሆነ ውጤቱን እንዳለ ወደ ሶዶ ማምጣት አይገባም። ምክንያቱንና ውጤቱን ለይቶ የመጠየቅ ዘዴው ግን ለየትኛውም ክፍል ይሠራል።

ሌላው ስሕተት የቋንቋን ምድብ የደም ምድብ ማድረግ ነው። እንግሊዛዊው ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ1930 ስለ አፍሪካ ዘሮች ባሳተመው መጽሐፍ «ካማዊ» የሚለውን ስም የዘር ስም አድርጎ የአህጉሩን ሥልጣኔ ከውጭ መጡ ላላቸው ሰዎች ሰጥቶ ነበር። ዛሬም በአንዳንድ የማስተማሪያ ማስታወሻ ላይ «ኦሞአዊ ዘር» የሚል ይነበባል። ወላይትኛ ቀድሞ ከምዕራብ ኩሻዊ ቋንቋዎች ይቆጠር ነበር፤ ሃሮልድ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑን ራሱን የቻለ ክፍል ነው ብሎ ሲለየው ግን የማንም ወላይታ ደም አልተለወጠም።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦች ቃሉ ጨርሶ ይቅር ይላሉ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው መግለጫ «ዘር» ማለት ቀርቶ ስለ ብሔረሰብ ቡድኖች መናገር እንደሚሻል መክሮ ነበር። ምክሩ ለአውሮፓ ይበጅ ይሆናል። ለጪናሻ ልጅ ግን ምን ይፈይድለታል? ብሔረሰቡ ከሚንቁት ልጆች ብሔረሰብ ጋር አንድ ነው፤ በአዲሱ ቃል በደሉ ስም እንኳ ያጣል። በዚህ ረገድ «ማኅበራዊ አመጣጥ»ንና «ትውልድ»ን ለይቶ የሚጠራው አንቀጽ 25 የተሻለ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ቃሉ ሳይሰረዝ ታሪኩ ይሰጥ እንላለን። ትምህርቱ ከጥቁርና ነጭ ሥዕል ከሚጀምር ከማሰሮው ይጀምር፦ ማን ሠራው፣ ማን ገዛው፣ ሠሪዋና ገዢዋስ ለምን አልተጋቡም? የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜም ሳይረሳ ነው። ጭቃው ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ዓይኖች ሁሉ ወደ የትኛው ልጅ እንደሚዞሩ መምህሩ ያውቃል፤ በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚል አስቀድሞ በትምህርት ዕቅዱ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።