ቆጠራው ለየትኛው ውሳኔ?

የባሕር ዳርቻን ሥነ ምኅዳር መከታተል ለሩቅ ተመልካች የትዕግሥት ሥራ ብቻ ይመስላል። ጠላቂ ዋናተኞች ከባሕሩ ወለል ላይ ሜትር ይዘረጋሉ፣ በግራና በቀኝ ያለውን ይቆጥራሉ፣ በሌላ ጊዜም እዚያው ቦታ ተመልሰው በዚያው መንገድ ይደግሙታል። ትዕግሥቱ አይካድም። ቆጠራው ባሕሩን የሚጠቅመው ግን ቁጥሩ የት ሲደርስ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የተጻፈ እንደሆነ ነው ባይ ነኝ።

ሰሜን ካሊፎርኒያ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2013 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኮከብ ዓሣን የሚያሟሟ በሽታ ተነሥቶ የባሕር ጃርት የሚበላውን ትልቁን ዝርያ ከአካባቢው አጠፋው ማለት ይቻላል። በ2014 ደግሞ ውኃው ክፉኛ ሞቀ። አዳኝ ያጣው ሐምራዊ የባሕር ጃርት ተራብቶ፣ ሙቀቱ ያዳከመውን ኬልፕ፣ ያንን እንደ ደን የሚቆም የባሕር አረም፣ ጋጠው፤ ከ90 በመቶ በላይ ወደመ። ኬልፕ በልቶ የሚኖረው አባሎኒ የተባለው ቀንድ አውጣም በረሃብ ረገፈ። አባሎኒ በዚያ ዳርቻ ተወዳጅ ምግብ ነው፤ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይለቅሙት ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር መዝጋት ቀላል አይደለም። ሆኖም የግዛቱ የ2005 የአባሎኒ አስተዳደር ዕቅድ፣ የአባሎኒው አማካይ ቁጥር በካሬ ሜትር ከ0.3 በታች ከወረደ ለቀማው ይዘጋ ብሎ ነበር። ቆጠራው ከዚያ በታች ሲያሳይ የግዛቱ ኮሚሽን በዲሴምበር 2017 ቀጣዩን የለቀማ ወቅት ዘጋ።

«መዘጋቱ ኬልፑን መለሰው ወይ?» ለሚል መልሱ አልመለሰውም ነው፤ ገዳዩም ለቃሚው አልነበረም። በሰው እጅ ያለውን ሞት ግን አስቁሟል። ይልቅስ ጠንካራው ወቀሳ ሌላ ነው፦ ዕቅዱ ወሰን ያበጀው ለአባሎኒ እንጂ ለኮከብ ዓሣው አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት መዝገብ ላይ ሲሰፍር የሚያስገድደው ውሳኔ አልነበረም። ይህ ወሰኖቹ መጥበባቸውን እንጂ ወሰን ማስቀመጥ ስሕተት መሆኑን አያሳይም።

ሳተላይት እያለ ጠላቂ ለምን ይከፈለዋል የሚሉም አሉ። የላንድሳት ምስሎች ከ1984 ጀምሮ የኬልፑን ስፋት ያሳያሉ፣ በዋጋም ይረክሳሉ። የሚያዩት ግን ውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ቅጠል ነው። ጃርቱም ኮከብ ዓሣውም ከሥር ናቸው፤ ቅጠሉ ሲሳሳ ጃርቱ ከወረረ ቆይቷል። ገንዘብ ካነሰ ጥቂት ቦታዎች ላይ ሳያቋርጡ መጥለቅ፣ የቀረውን ለሳተላይት መተው ይሻላል።