«ነገ ብራ ይሁን»፦ የድሃው ልጅና የጎልፉ ሜዳ

በጃፓን «ማንጋ» የሚባለው ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ሚሊዮኖች የሚያነቡት የጥበብ ዘርፍ ነው። ስለዚህ የሕፃናት ጨዋታ ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ይዘቱን መመርመር ከሐያሲ የሚጠበቅ ተግባር ነው። ለዚህ ምርመራ ከሚመቹት ሥራዎች አንዱ፣ ቴትሱያ ቺባ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1991 «ሾነን ማጋዚን» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ያወጣው የጎልፍ ታሪክ ነው። ርእሱ «ነገ ብራ ይሁን» እንደ ማለት ነው፤ የጃፓን ሕፃናት ጫማቸውን ወደ ላይ ወርውረው የነገውን አየር ሲተነብዩ የሚሉት ቃል ነው።

ጎልፍ በጃፓን የሠርቶ አደሩ ጨዋታ ሆኖ አልተወለደም። የመጀመሪያው ክበብ በ1903 በኮቤ የተቋቋመው በአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ አነሣሽነት ነበር። የተጫዋቾችን ዱላ በመሸከም የጀመረው ቶራኪቺ ናካሙራ በ1957 በአገሩ በተደረገው የካናዳ ዋንጫ ድል ሲነሣ ጨዋታው በሰፊው ታወቀ። ሆኖም በ1980ዎቹ የክበብ አባልነት እንደ አክሲዮን የሚሸጥና የሚለወጥ ሀብት ሆነ።

የቺባ ባለታሪክ፣ ስሙ «ፀሐይ» ማለት የሆነው ታይዮ፣ ወደዚህ ሜዳ የሚመጣ የድሃ ቤተሰብ ልጅ ነው። ትምህርቱን ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ በላይ ከመግፋት ይልቅ የጎልፍ ሙያተኛ ለመሆን ይቆርጣል። ዱላውን ሲያነሣ «ቻ»፣ ሲመልስ «ሹ»፣ ኳሱን ሲመታ «ሜን» ይላል። ቻሹሜን የአሳማ ሥጋ የሚደረደርበት፣ በሾርባ የሚቀርብ ተራ የፓስታ ምግብ ነው። የሥራው ትልቁ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። የባለጠጋው ጨዋታ ምት የተለካው በድሃው ልጅ ምሳ ነውና። ልጁ የጌቶቹን ቋንቋ ሳይዋስ፣ የራሱን ሆድና አንደበት ይዞ ሜዳው ውስጥ ይቆማል። ሠዓሊው ይህን ያደረገው ያለ ስብከት ነው።

ድክመቱ የሚታየው ሥራው ከቺባ ቀዳሚ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ነው። ቺባ ከደራሲ ጋር ሆኖ ከ1968 እስከ 1973 ያቀረበው «የነገው ጆ» በቶክዮ የድሆች ሠፈር ስለሚኖር ቦክሰኛ የሚተርክ ሲሆን፣ የዘመኑ ተማሪዎችና ሠራተኞች የራሳቸው ታሪክ አድርገው ተቀብለውታል። በሁለቱም ርእሶች «ነገ» የሚለው ቃል አለ። ለጆ ግን ነገ በቡጢ የሚነጠቅ ነው፤ ለታይዮ ጫማ ተወርውሮ የሚመኙት መልካም አየር ሆኗል። በሁለቱ መካከል ጃፓን በልጽጋለች፤ ቁጣውም ለዝቷል። ታሪኩ አንድ ጎበዝ ልጅ በበሩ እንዴት እንደሚገባ አሳምሮ ያሳያል፤ በሩ ለምን እንደተዘጋና ውጭ የቀሩት ምን እንደሆኑ ግን አጥብቆ አይጠይቅም። በየሳምንቱ አንባቢን የማንጠልጠል ግዴታም የአንዷን ኳስ ዕጣ ከልኩ በላይ ያራዝማታል፤ ልብ በምቱ ሲያዝ ጥያቄው ይረሳል።

ያም ሆኖ ሥራው ዋጋ አለው። ቺባ በማንቹሪያ አድጎ ከጦርነቱ ሽንፈት በኋላ በስደት ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነውና የድሃውን ልጅ በአዘኔታ ከላይ ሆኖ አይመለከተውም። ለሠርቶ አደሩ ለሚሥል ባለሙያ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ጀግናውን ከሚበላው ምግብ መጀመር ተገቢ ነው፤ ከድሉ በኋላ ግን ዞር ብሎ በሩን ማየት ያስፈልጋል።