የዘመን ቆጠራ ኮድ በጳጉሜን ይፈተናል

የቀን መቁጠሪያና የርቀት ስብሰባ ሶፍትዌር ለመሥራት የሚነሣ ባለሙያ ሥራውን ከአልቦ የሚጀምርበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ ሌሎች ደክመው ጽፈው በክፍት ምንጭ ፈቃድ የለቀቁትን ላይብረሪ አውርዶ በእርሱ ላይ ይገነባል እንጂ። የሚያስቸግረው ማውረዱ ሳይሆን መምረጡ ነው፤ ላይብረሪ ሁሉ በአዘቦት ቀን ትክክል ነውና፣ ብዙ ሰው አውርዶታል፣ ብዙ ኮከብ ተሰጥቶታል የሚለው ምስክርነት ከአዘቦት ቀን አያልፍም። የሥራውን ምግባር ለይቶ ማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ዳርቻዎቹ፣ ይኸውም ዓመት ከዓመት፣ ወር ከወር፣ መዓልት ከሌሊት ወደሚጋጠሙባቸው ስፍራዎች ሄዶ፣ ላይብረሪው በዚያ ምን እንደሚመልስ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ «ይህ ቀን የለም» ለማለት የሚደፍር እንደሆነ መመርመር ይገባዋል።

በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያዋ ዳርቻ ጳጉሜን ናት። በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ፣ ማለት ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 በሚተርፍበት ዓመት፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ 2015 እንዲህ ነበር፣ 2016 ግን አልነበረም። እንግዲህ ላይብረሪውን የጳጉሜን 6 ቀን 2016ን አቻ መጠየቅ ነው። ደኅናው፣ ቀኑ አለመኖሩን ገልጦ ይቆማል፤ ደካማው ምንም ሳይናገር መስከረም 1 ቀን 2017ን ያቀብላል። ይህን እንደ ቸርነት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን ከስህተት ሁሉ የከፋው ዝም ያለው ስህተት ነው እላለሁ፤ የልደት ቀኑን አሳስቶ ያስገባ ሰው ጥፋቱን የሚያውቀው መዝገቡ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነውና።

ሁለተኛው ፈተና የዐድዋ ድል ነው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጎርጎርዮሳዊው ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ በዓሉ የሚውለው ግን በማርች 2 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጎርጎርዮሳውያን የ1900ን ፌብሩዋሪ በ28 ሲዘጉ፣ እኛ የ1891ን ጳጉሜን እንደ ልማዳችን በ6 ፈጽመን ነበርና ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። የዐድዋን ቀን «ማርች 2 ቀን 1896» ብሎ የሚመልስ ላይብረሪ፣ ሠሪው የዛሬውን ልዩነት ለክቶ እንደ ዘላለማዊ ሕግ እንደጻፈው ያጋልጣል። እንዲህ ያለውን ኮድ «ከ1900 በፊት ከሆነ አንድ ቀንስ» እያሉ መጣፍ መድኃኒት አይሆነውም፤ ያው ጉድለት በ2100 እ.ኤ.አ. ይመለሳል። ጤናማው መንገድ ቀንን ሁሉ በመጀመሪያ ወደ አንድ ተከታታይ የዕለት ቁጥር ለውጦ፣ ከዚያ ወደሚፈለገው አቆጣጠር ማውጣት ነው፤ ዴርሾዊትስና ራይንጎልድ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ጨምሮ የዓለምን የዘመን ስሌቶች በሰበሰቡበት መጽሐፋቸው የተከተሉት መንገድ ይኸው ነው፤ አይሲዩ የተባለው ላይብረሪም በዚሁ ይሠራል።

አይሲዩን ካነሣን ዘንዳ፣ ዓመተ ምሕረትንም ዓመተ ዓለምንም ያውቃል፤ የዛሬዎቹ ብራውዘሮችም በጃቫስክሪፕት በኩል የኢትዮጵያን ቀን አውጥተው የሚያሳዩበት ችሎታ አላቸው። በጃቫ ግን ከስሪት 8 ጀምሮ የገባው የጊዜ ላይብረሪ የታይላንዱንና የጃፓኑን ሲያካትት የእኛን አላካተተምና፣ ስሪቴን ኤክስትራ የተባለውን ማሟያ መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ እያለ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት የጻፈውን ባለ መቶ መስመር መቀየሪያ ማንጠልጠል ስንፍና ይመስለኛል።

ታላላቆቹ ላይብረሪዎች የሚያቆሙት ግን በባሕረ ሐሳብ ደጃፍ ላይ ነው፤ ቀኑን ይቀይራሉ እንጂ ጾመ ነነዌንና ትንሣኤን አያወጡም፤ ስለዚህ ለአጽዋማትና ለበዓላት ወደ ትናንሾቹ መሄድ ግድ ነው፤ መራጩም ዓይኑን ማብራት ያለበት እዚህ ላይ ነው። 2017ን እንውሰድ። ዓመተ ዓለሙ 7517 ለ19 ሲገደፍ፣ ማለት ተካፍሎ ትራፊው ሲያዝ፣ መደቡ 12፣ አንድ ተቀንሶ ወንበሩ 11፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ 4 ነውና ድምሩ 33፣ 30 ሲገደፍለት መባጃ ሐመሩ 3። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ትገባለች፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን ወደ የካቲት ትሻገራለች፤ ስለዚህ ነነዌ የካቲት 3፣ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ነበር። መሻገሩን የዘነጋ ኮድ ነነዌን ጥር 3 አውሎ ፋሲካውን አንድ ወር ሙሉ ያስቀድማል። ሊቃውንቱ ነነዌ ከጥር 17 እንዳትወርድ፣ ከየካቲት 21 እንዳትወጣ ወስነዋልና፣ ይህን ወሰን በቴስቱ ውስጥ ያሰፈረ ፕሮግራመር ስህተቱን ያለ ምንም ድካም በያዘው ነበር፤ የቴስቱን ፋይል ከፍቶ ይህ ወሰን መኖር አለመኖሩን ማየት ሠሪው ትምህርቱን ከምንጩ እንደቀዳ ወይም ቀመሩን ብቻ እንደገለበጠ ይነግራል።

ሌላው ወጥመድ ወንበሩ አልቦ የሚሆንበት ዓመት ነው፤ 2006 እንዲህ ነበር። በዚያን ጊዜ መጥቅዕ እንደ 30 ይቆጠራል፤ ያልተጠነቀቀ ኮድ «መስከረም 0» ይልና ይወድቃል። ልደትም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 እንጂ 29 አይውልም፤ ይህን የሳተ የበዓላት ዝርዝር በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ሰውን ያሳስታል።

ቀጠሮ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሚተላለፈው በአይካሌንደር ደረጃ ነው፤ ዛሬ የሚሠራበት አርኤፍሲ 5545 በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ2015 የወጣው አርኤፍሲ 7529 ደግሞ ከጎርጎርዮሳዊው ውጭ ላሉ አቆጣጠሮች የድግግሞሽ ሥርዓት ሲደነግግ ከምሳሌዎቹ አንዱን ከ13ኛው ወራችን ወስዷል። የጳጉሜን 6 ልደት በሌሎቹ ዓመታት ይዘለል፣ ወደ 5 ይመለስ ወይስ ወደ መስከረም 1 ይለፍ የሚለውን ለሰው ምርጫ መተዉ የአስተዋይ ሥራ ነው፤ ሆኖም ብዙ ላይብረሪዎች ይህን ክፍል አይደግፉምና ከመምረጥ በፊት መጠየቅ ይገባል።

በዚሁ ደረጃ ውስጥ በፊደላችን ላይ ጎልቶ የሚወጣ ጉድለት አለ። አንድ መስመር ከ75 ባይት እንዳይበልጥ፣ ከበለጠም ተቆርጦ በሚቀጥለው መስመር እንዲታጠፍ ታዟል። የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲሆን የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይዟል፤ የርእሱ መስመር መጠሪያ 8 ባይት ስለሚወስድ 67 ይቀራል፤ 22 ፊደል 66ቱን ይጨርስና 23ኛው ፊደል ሲሶው ላይ ይጎመዳል። መስመሩን መልሶ ሳይገጥም የሚያነብ ላይብረሪ በፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ሰያፍ ካሬ ያሳያል። ረዥም የአማርኛ ርእስ ሁልጊዜ በዚያው አካባቢ ከተበላሸ ፎንት መለወጥ ከንቱ ድካም ነው፤ በደሉ የማጠፊያው ነው።

ከሰዓት የሚመጣው ችግር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ አበባ አይታይም። ጃቫስክሪፕት ሰዓት ያልተጻፈበትን ቀን፣ ለምሳሌ 2024-05-05ን፣ የግሪንዊች እኩለ ሌሊት አድርጎ ስለሚያነብ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2016 የዋለው ፋሲካ አዲስ አበባ ላይ እሑድ ሆኖ ሲታይ ዋሽንግተን ላለው ወገን ቅዳሜ ሆኖ ይታየዋል። ዋሽንግተን በክረምቷ ከእኛ 8፣ በበጋዋ 7 ሰዓት ትርቃለች፤ ሰዓቷን በማርች ሁለተኛ እሑድ ስትለውጥ ፍራንክፈርት እስከ መጨረሻው እሑድ ትቆያለችና፣ በሦስቱ ከተሞች ያሉ የዕድር አባላት ሳምንታዊ ስብሰባ በዚያ መካከል ይፋለሳል። ስለዚህ ቀጠሮው የየትኛው ከተማ ሰዓት ነው የሚለው አስቀድሞ ይወሰን፤ ላይብረሪውም የከተማውን ስም እንጂ «ሲደመር 3» የሚል ቁጥር አይያዝ። የአዲስ አበባ ስም በዓለም አቀፉ የሰዓት መዝገብ ከናይሮቢ ጋር ተያይዟልና፣ ፕሮግራሙ ናይሮቢ ቢል አያስደንግጥ። ከንጋት የሚቆጠረውን ሰዓታችንን ለማሳየት ሲሉ የተቀመጠውን ሰዓት ራሱን በ6 የሚቀንሱ ላይብረሪዎች ግን ይወገዱ፤ የሚለወጠው የሚታየው ብቻ ነው።

ስለ ስብሰባው ክፍል ጥቂት ይበቃል። ዌብ አርቲሲ በተባለው የቀጥታ ድምፅና ምስል ማስተላለፊያ ላይ የተሠሩት፣ ጂትሲን የመሰሉት ሁሉ፣ በአንድ ቢሮ ዋይፋይ ላይ ሲሞከሩ ያምራሉ፤ አንዱን ሰው በሞባይል ዳታ ላይ አድርጎ መሞከር ነው፤ ቀጥታ መንገድ ሲታጣ ድምፁን የሚያሻግር ተርን ሰርቨር ካልተዘጋጀ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ኦፐስ የተባለው የድምፅ ኮዴክ በሴኮንድ እስከ 6 ኪሎቢት ወርዶ መሥራት ይችላልና፣ መስመር ሲቀጥን ምስሉን ሠውቶ ድምፁን የሚያድነው ይመረጣል።

የጠባቂዎቹም ጠባይ ይመዘናል። ሞመንት የተባለው የጃቫስክሪፕት የጊዜ ላይብረሪ ጸሐፊዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ሥራቸው በጥገና ብቻ እንደሚቆይና ለአዲስ ሥራ ሌላ እንዲመረጥ በግልጽ አስታውቀዋል፤ ለእኔ ይህ ከብዙ አዲስ ስሪት ይልቅ ያስከብራል። ለእነዚህ ሰዎች ጉድለት ሲያመለክቱ «ካሌንደሩ ተበላሸ» ብሎ መጻፍ ነውር ነው፤ የተጠየቀው ቀን፣ የተጠበቀው መልስ፣ የተገኘው መልስ፣ የላይብረሪው ስሪትና የማሽኑ የሰዓት ክልል ይጻፍ፤ ጉዳዩ የትንሣኤ ከሆነ ደግሞ የዓመቱ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተሰልተው ይያያዙ፤ ጥገናውን የሚሠራው ሰው ባሕረ ሐሳብን ሰምቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላልና።