95 በመቶ ላይ

ከኤክስቼንጅ 2010 ወደ 2016 አንድ መሥሪያ ቤት ስናሻግር ዓርብ ማታ ካስጀመርናቸው የኢሜይል ሳጥኖች አብዛኞቹ ቅዳሜ ጠዋት አልፈው አገኘናቸው። ጥቂቶቹ ግን «ፌይልድ» ይላሉ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት እጁ ወዲያው ወደ ባድ አይተም ሊሚት ሄደ።

«ጋሼ፣ 100 ላድርገውና ልድገመው?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚቀር እንይ» አልኩት።

ያ ቁጥር ሰርቨሩ ሊያነባቸው ያልቻለውን ስንት ዕቃ ጥሎ እንዲሄድ እንደፈቀድንለት የሚናገር ነው። እኛ ካልነካነው ዜሮ ነው። ከ50 ካለፈ ደግሞ ብዙ መረጃ ቢጠፋም መስማማታችንን የሚገልጽ ሌላ ማዘዣ ካልጨመርን ወደፊት አይልም። ይህን አጥር ያስቀመጠውን ሰው ከልቤ አከብረዋለሁ። ቁጥሩን ከፍ አድርጎ «ኮምፕሊትድ» የሚለውን ማየት ቀላል ነው፤ የጎደለው የሚታወቀው ግን ከወራት በኋላ ባለቤቱ ሲፈልገው ነው።

ስለዚህ የዝውውሩን ሪፖርት አወጣን። ረጅም ነው፤ ብዙው መስመር ስንት ሜጋባይት እንዳለፈ ብቻ ይናገራል። ወደ ታች ሲወረድ ግን የተበላሸው ዕቃ ከነፎልደሩና ከነርዕሱ ይገኛል። የአንዲት የፋይናንስ ባልደረባ ሳጥን ሰባት ነበረው። አምስቱ ቀናቸው ካለፈ ቆይቷል፤ በየሳምንቱ የሚደጋገሙ የስብሰባ ቀጠሮዎች ናቸው። ሁለቱ «ጡረታ» በሚል ፎልደር ውስጥ የተቀመጡ፣ አባሪ ያላቸው ደብዳቤዎች ናቸው።

በመጀመሪያ አሮጌው ሰርቨር ላይ የሳጥን ጥገና አስኬድን፤ አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል። እዚህ አልበቃም። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ጡረታ የሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉት ሁለት ደብዳቤዎች ያስፈልጉዎታል?»

«ኧረ ልጄ! የአገልግሎት ዘመኔ ማስረጃ እኮ ነው!»

ሄጄ ኮምፒውተራቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። አውትሉክ እዚያው ያስቀመጠው ቅጂ ደህና ነበር። አባሪዎቹን አንድ በአንድ ከፍተን አየናቸው፣ አስቀመጥናቸውም። ገደቡን ሰባት ያደረግነው ከዚያ በኋላ ነው።

የቀሩት ሳጥኖች ሌላ በሽታ ነበራቸው። አንዱ የኮታ ነው። ከኤክስቼንጅ 2013 ጀምሮ የሳጥን መጠን የሚቆጠርበት መንገድ ተለውጧል፤ አሮጌው ሰርቨር ላይ የሚታየው መጠን አዲሱ ላይ ከ30 እስከ 40 በመቶ ሊያድግ ይችላል። ዲስኩ ላይ የተጨመረ ነገር የለም፣ ለእያንዳንዱ ሳጥን የሚጻፍበት ድርሻ ነው የጨመረው። ቀድሞውንም ሊሞላ የደረሰ ሳጥን ታዲያ አዲሱ ቤት ሲደርስ አይገባም ይባላል። ኮታውን ከዝውውሩ በፊት ከፍ ማድረግ ነው።

ሌላው ብዙ ሰዓት የበላን ነው። ደብዳቤው ሁሉ ተቀድቶ 95 በመቶ ከደረሰ በኋላ ይወድቃል። ቅጂው ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው የሚቀረው ሥራ ላይ ነው። በዚያች የመጨረሻ ሰዓት ሰርቨሩ ሳጥኑን ለአጭር ጊዜ ይቆልፋል፣ በመሐል የገባውን ይለቅማል፣ ከዚያ አክቲቭ ዳይሬክቶሪ ላይ የሳጥኑን ባለቤት መዝገብ ይቀይራል። እዚህ ግን ሰርቨሩ መዝገቡን ለመንካት ፈቃድ አጣ። ሰውየው በአንድ ወቅት የአድሚን ቡድን አባል ነበሩ፤ ከቡድኑ ቢወጡም አካውንታቸው ከላይ የሚወርደውን ፈቃድ እንዳይወርስ ተደርጎ ቀርቷል። ውርሱን መልሰን ከፈትንና ቀጠለ።

ስለ ሎግ ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም ይህ የሚጎዳው የተዛወረውን ሰው ብቻ አይደለም። የሚገባው ደብዳቤ ሁሉ አዲሱ ሰርቨር ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜጋባይት በሆኑ የሎግ ፋይሎች ይጻፋል። 20 ጊጋባይት ሳጥን ስታዛውር ቢያንስ ያንኑ ያህል ሎግ ይከመራል፤ የሚጸዳውም ባክአፕ ሲጠናቀቅ ነው። ዲስኩ ከሞላ ዳታቤዙ ራሱ ይወርዳል፣ እዚያ ያሉት ሁሉ ደብዳቤ ያጣሉ። በየመሐሉ ባክአፕ እያስኬዱ በትንሽ በትንሹ ማዛወር ያዘገያል፤ እኔ ግን መዘግየቱን እመርጣለሁ። መብራት መሄዱ እንኳ ይህን ያህል አያስፈራኝም፤ ሰርቨሩ ሲነሣ ዝውውሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሁለቱን አባሪዎች ለራሳቸው በአዲስ ደብዳቤ ልከው «ጡረታ» ፎልደር ውስጥ መልሰው አስገቡ። ደውለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀኑ የድሮው እንዲሆን ማድረግ ይቻል እንደሆነ። አይቻልም አልኳቸው።