ስለ ባልዲ፣ ስለ ጉልበትም

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት የባልዲ ወሬ ነው። አዎ፣ የባልዲ። የኑሮ ውድነቱንና ፖለቲካውን ሌሎች ዓምደኞች ይዘውታል፤ እኔ ያቺን መጭመቂያ የተገጠመላትን የወለል መወልወያ ባልዲ ይዣለሁ። መሳቅ ይቻላል። እኔም ከፋሲካ በፊት ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለበዓሉ የቤታችን ሠራተኛ ወላጆቿን ልትጠይቅ ሀገሯ ገባች። ባለቤቴን ደግሞ ወገቧን አሟት ሐኪሙ "ጎንበስ ቀና እንዳትዪ" ብሏታል። እንግዲህ በቤቱ ውስጥ ጎንበስ ቀና የሚል ጤነኛ ሰው ቢፈለግ የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወለል መወልወል ምን ይከብዳል አልኩና ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁበት።

ባልዲዋን የገዛኋት እኔው ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ መርካቶ፣ ቀለሟን አይቼ፣ በዋጋዋ ተከራክሬ። አፏ ላይ እንደ ማጥለያ የተበሳሳ የፕላስቲክ መጭመቂያ አላት። ለሠራተኛችን "ከእንግዲህ ተንበርክኮ በጨርቅ መፈግፈግ ቀረልሽ" ብዬ እንደ ሽልማት ነበር ያስረከብኳት። ወር ሳይሞላ መጭመቂያውን ነቅላ የሽንኩርት ማስቀመጫ አድርጋው አገኘሁ። "እናንተ ልጆች ዕቃ አያያዝ አታውቁም" ብዬ ተቆጣሁ። እሷም "እሺ ጋሼ" አለች። ሽንኩርቱ ግን እዚያው ቆየ።

እንግዲህ ተራው የኔ ሲሆን ሽንኩርቱን አራግፌ መጭመቂያውን ወደ ቦታው መለስኩት።

ምን ልበላችሁ! መወልወያውን ነከርኩ፣ አነሳሁ፣ መጭመቂያው ውስጥ ከተትኩና እንጨቱን ጠመዘዝኩ። እኔ እንጨቱን ስጠመዝዝ ባልዲዋም አብራኝ ትዞራለች። እንዳትዞር አንድ እግሬን አሳረፍኩባት፤ ወደ ጎን አዘነበለች። በሁለት እግሬ መሐል ቆልፌ፣ እንደ ፈረስ ተፈናጥጬ እንደገና ስጠመዝዝ መጭመቂያው ተስፈንጥሮ ወጣ። ከዚህ ሁሉ ትግል የተጨመቀው ውሃ አንድ ሲኒ አይሞላም። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ተዉት። በመጨረሻ ምን አደረግኩ? ቁጢጥ ብዬ፣ በረኪና የገባበትን መወልወያ በባዶ እጄ ጨመቅኩት። መጭመቂያ ያላትን ባልዲ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ በእጄ ጨመቅኩ!

የመጽሐፍ ሂስ የሚጽፉ ወዳጆች አሉኝ፤ የፊልምም፣ የሥዕልም አሉ። በባልዲ ላይ ሂስ የጻፈ ግን አላጋጠመኝምና እስቲ ልሞክረው።

ውሃ የጠጣ ጨርቅ ውሃውን የሚለቀው ሲጫኑት ነው። ጥያቄው መጫኛው ኃይል ከየት ይምጣ የሚለው ነው። የኔዋ ባልዲ ሥራውን በሙሉ የጣለችው እጅ አንጓ ላይ ነው፤ ማለትም ቶሎ ከሚደክሙትና ቶሎ ከሚታመሙት የሰውነት ክፍሎች በአንዱ ላይ። ከራሱ ከሰውየው ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ኃይል እያለ፦ የሰውነት ክብደት። ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ረዘም ያለ እጀታ ወደ ታች ሲጫን ክብደቱ ይሠራለታል። በየሕንፃው የምናያቸው ባለ ጎማ ቢጫ ባልዲዎች እጀታ ያላቸው ለዚህ ነው። እጀታው በረዘመ ቁጥር የሚጠይቀው ጉልበት ያንሳል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ድንጋይ በዲጂኖ የፈነቀለ ሁሉ ያውቀዋል።

እጀታ ሲጫኑ ደግሞ ባልዲው መገልበጥ ያምረዋል። ስለዚህ ከሥሩ ሰፋ ማለት አለበት። የኔዋ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ናት። ለምን ብትሉ፣ ከላይ የሰፋ ባልዲ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተደራርቦ ይጫናል፤ በአንድ ኮንቴይነር ብዙ ይገባል። ይኸውላችሁ፣ ለኮንቴይነሩ ታስቦለታል።

ሌላም አለ። የተጨመቀው እድፍ የሚወርደው መወልወያው ተመልሶ ወደሚነከርበት ውሃ ነው። ሦስት አራቴ ከነከርን በኋላ ወለሉን የምናጥበው በራሱ ቆሻሻ ነው ማለት ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሁለት ክፍል ወይም ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለንጹሁ፣ አንዱ ለቆሻሻው። ጠንቃቃ ሆስፒታሎች እንዲያ ያደርጋሉ። ማፍሰሱስ? 10 ሊትር ውሃ 10 ኪሎ ነው። ያንን ከነእድፉ ደረት ድረስ አንስቶ ሲንክ ውስጥ መድፋት ነው። ከግርጌው አንዲት ቡሽ ብትኖረው፣ ወይም ቢያንስ አፉ ላይ እንደ ጀበና ጡት ያለ ማንቆርቆሪያ ቢወጣለት ምን ነበረበት? ጀበናን የሠራችው እናት ይህን ያሰበችው ፋብሪካ ሳይኖራት ነው። እኔ ስደፋ ግማሹ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

ይህ ሁሉ ዛሬ የተገኘ ዕውቀት እንዳይመስላችሁ። ቶማስ ስቴዋርት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በእጀታ ለሚጨመቅ መወልወያ ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ስፔን ውስጥ ደግሞ ማኑኤል ሃሎን የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1956 መጭመቂያ ያለው ባልዲ ከነመወልወያው ገበያ ላይ አዋለ፤ ከተማው ሳራጎሳ ነው። ሐሳቡ የመጣለት አሜሪካ ሄዶ የአውሮፕላን ማቆሚያ አዳራሽ ወለል ሲወለወል አይቶ ነው ይባላል። ቀዳሚው እሱ ነው፣ አይደለም የሚል ክርክር አለ፤ ለነሱ እንተወው። ለኛ የሚሆነን ወሬ፣ እስከዚያ ዘመን ድረስ የስፔን ሴቶች ወለል የሚያጥቡት ተንበርክከው እንደነበር ነው።

ስሙንም "ፍሬጎና" አሉት። ቃሉ ድሮ የዕቃ ስም አልነበረም፤ ሰሃንና ወለል የምታጥብ ገረድ ማለት ነበር። ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1613 ባሳተመው ድርሰት ርዕስ ላይ ያለችው "ፍሬጎና" ሰው ናት። ዛሬ ስፔን ውስጥ "ፍሬጎና" ቢባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ባለ እንጨቱን መወልወያ ነው። እንግሊዞች ደግሞ የጉልበት ፊት ሲያብጥ በሽታውን "የቤት ሠራተኛ ጉልበት" ብለው ይጠሩታል። በኛ አማርኛ ጉልበት ራሱ ሁለት ነገር ነው፤ የሚታጠፈውም የሚሸጠውም።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የሃሎንን ባልዲ ከሚገዙት ብዙዎቹ የራሳቸውን ወለል የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። ባልዲው ካልጨመቀ ጉልበታቸው ይነግራቸዋል፤ ጎረቤትም ከነሱ ሰምታ አትገዛም። እኛ ዘንድ ግን የሚገዛው ሌላ፣ የሚጨምቀው ሌላ ነው። እኔ መርካቶ ላይ በዋጋ ስከራከር የልጅቷ እጅ አንጓ በክርክሩ ውስጥ አልነበረም። የማይጨምቅ መጭመቂያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴ ተቀምጦ ያልታወቀብኝ ለዚህ ነው። ቅሬታው ደርሶኝ ነበር እኮ፤ በሽንኩርት መልክ ስለደረሰኝ አላነበብኩትም።

ከበዓል በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ ዓይኔ የሚያርፈው ባልዲ ላይ ሆነ። የምሠራበት ሕንፃ ውስጥ ኮሪደሩን የሚወለውሉ አንዲት እናት አሉ። ለስንት ዓመት "እንደምን አደሩ" ብያቸው ሳልፍ ባልዲያቸውን አይቼ አላውቅም። እጀታው ከሥሩ ተሰብሯል። ከአራቱ ጎማዎች አንዱ የለም፤ ስለዚህ ባልዲው አይገፋም፣ ይጎተታል። ይጨምቁ የነበሩት በእጃቸው ነው።

"ጓንት የለም እንዴ እማማ?" አልኳቸው።

"ይሰጡናል። ሳምንት ሳይቆይ ይቀደዳል፣ ልጄ" አሉኝ። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ስለ እጃቸው እዚህ አልጽፍም።

ኃላፊውን አነጋገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቡና ጋብዞኝ ነው ያዋራኝ። "ምን እናድርግ ብለህ ነው፣ ብንገዛም ይሰብሩታል። ዕቃ አያያዝ አያውቁም" አለኝ። ቃል በቃል የኔው ንግግር! ከኔ አፍ ሲወጣ እንደዚህ እንደሚያስጠላ አላወቅሁም ነበር። እስቲ አስቡት፣ እጀታው በቀን ስንት መቶ ጊዜ ይጫናል? ሸክሙን ሁሉ የያዘችው አንዲት ቀጭን ፒን ናት። የምትሰበረው እሷ እንደሆነች የታወቀ ነው፣ መለዋወጫዋ ግን የለም። ይህ የአያያዝ ጉድለት ነው? ሰውየው የተቀመጠበትን ወንበር ሲያስገዛ እኮ ሦስቱ ላይ ተቀምጦ ሞክሮ ነው የመረጠው። አጠገቡ ነበርኩ።

እኔም ለራሴ ጥፋት ካሣ ልክፈል ብዬ መርካቶ ተመለስኩ። ባለሱቁ ያንኑ ባልዲ አወጣልኝ።

"ይሄ እኮ አይጨምቅም" አልኩት።

"ለሠራተኛ ከሆነ ይሄ ይበቃል ጋሼ።"

"ለኔ ነው። የምወለውለው እኔ ነኝ።"

ሳቀ። አለመሳቄን ሲያይ መሰላል ላይ ወጥቶ ሌላ አወረደ፤ በእግር ሲረግጡት መጭመቂያው እየተሽከረከረ ውሃውን የሚያራግፍ ነው። "እርስዎ ከሆኑ እንግዲህ ይሄ ነው" አለኝ። ውሃ አስመጣሁና እዚያው ሱቁ በር ላይ ነክሬ ሞከርኩት። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ "ሽማግሌው ምን ነካቸው" ሲል ሰምቻለሁ። ዋጋው የድሮዋን አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ገዛሁት።

ሠራተኛችን ስትመለስ ሳሎን መሐል አስቀምጬ ጠበቅኳት። ረገጠችው፣ ዞረ፣ ፈገግ አለች። "ጥሩ ነው ጋሼ" አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እንደ መካኒክ መመርመር ጀመረች። መርገጫውን በጣቷ ወዘወዘች፤ "ይቺ ፕላስቲክ ናት፣ ክረምቱን አታልፍም" አለች። ማንጠልጠያውን ያዘች፤ ቀጭን ሽቦ ነው። "ውሃ ሲጠፋ ከግቢው ሮቶ ቀድቼ በዚህ ሳመጣ እጄን ይቆርጠኛል፤ ጨርቅ እጠመጥምበታለሁ።" እኔ በበዓሉ ሰሞን ባልዲዬን የሞላሁት መታጠቢያ ቤት ነው፤ ሮቶው ትዝም አላለኝ።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዘወር አለች።

"የድሮውን መጭመቂያ ግን እንዳይጥሉብኝ ጋሼ፤ ለሽንኩርት ጥሩ ነው።"